ስውር የጣት አሻራ በኬሚካል ተን እንዴት ይገለጣል?

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች ቤት ተሰብሮ ወይም ጎተራ ተዘርፎ ሲታደር እሪታው ጎረቤቱን ሁሉ ይሰበስባል። የደረሰው ሰው ሁሉ በቅን ልቦና የተሰበረውን ቁልፍ ያነሳል፣ በሩን ይገፋል፣ የወደቀውን ጀሪካን ያቃናል፣ ሌባው ጥሎት የሄደውን የእጅ ባትሪ እየተቀባበለ ያገላብጣል። ፖሊስ ሲደርስ ዕቃው ሁሉ በቦታው አለ፤ በዕቃው ላይ የነበረው ዋናው ምስክር ግን ጠፍቷል። ያ ምስክር ከላብና ከቅባት የተሠራ፣ በዓይን የማይታይ የጣት አሻራ ነው።

የፎረንሲክ ሳይንስ ይህን ስውር አሻራ ለማውጣት ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አንዱ ማጠን ነው። እናቶች የወተት ዕቃን በወይራ ጢስ እንደሚያጥኑ ሁሉ የአሻራ ባለሙያዎችም ማስረጃ የሆነውን ዕቃ በዝግ ሳጥን ውስጥ አድርገው በኬሚካል ተን ያጥኑታል። ተኑ ጣት ባረፈበት ቦታ ላይ ተለይቶ ይጣበቃል፤ ቀድሞ ባዶ ይመስል የነበረው ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክም የነካውን ሰው የጣት መስመር ያወጣል። ዘዴው የሚሠራው ግን አሻራው ቤተ ሙከራ እስኪደርስ ድረስ ሳይነካና ሳይደመሰስ ከቆየ ብቻ ነው። ስለዚህም የምርመራው የመጀመሪያ ሰዓት ከባለሙያው እጅ ይልቅ በባለቤቱና በጎረቤቱ እጅ ላይ ነው።

አሻራ ከምን ይሠራል?

የጣት ጫፍ ቆዳ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም አለው። እነዚህ መስመሮች ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ፣ በእርግዝናው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ቅርጻቸውን ይይዛሉ። ሰው ሲያድግ መስመሮቹ ይሰፋሉ እንጂ አቀማመጣቸው አይለወጥም። ጥልቅ ቁስል ጠባሳ ሊተውባቸው ይችላል፤ ጠባሳው ራሱ ግን አሻራውን ይበልጥ የተለየ ያደርገዋል። መልካቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ የጣት አሻራቸው ይለያያል።

በመስመሮቹ አናት ላይ ጥቃቅን የላብ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ላብ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ሲሆን ጥቂት ጨው፣ አሚኖ አሲድ፣ ዩሪያና ላክቲክ አሲድ ይዟል። ጣት ፊትን ወይም ፀጉርን ሲነካ ደግሞ የቆዳ ቅባት ይጨምርበታል። እጅ አንድን ዕቃ ሲጨብጥ ይህ ድብልቅ የትልሙን ቅርጽ ይዞ በዕቃው ላይ ይቀራል። ውኃው ቀስ በቀስ ይተንናል፤ ጨውና ቅባቱ ግን ይቆያል።

ባለሙያዎች አሻራን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው በደም፣ በቀለም ወይም በጥላሸት በተነከረ እጅ የሚታተመው የሚታይ አሻራ ነው። ሁለተኛው በለስላሳ ነገር ላይ ተጭኖ የሚቀር ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የወለቃን የሸክላ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ በእርጥብ ጭቃ ላይ ያረፈ የጣት ትልም ሸክላው በእሳት ከተተኮሰ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሄንሪ ፎልድስ በጃፓን ሲሠራ ስለ ጣት አሻራ ማሰብ የጀመረው በጥንታዊ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የሠሪዎቹን የጣት ምልክት አይቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ1880 ባሳተመው ጽሑፍም አሻራ ወንጀለኛን ለመለየት እንደሚያገለግል አመልክቷል። ሦስተኛውና የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው ዓይን የማያየው ስውር አሻራ ነው።

ሌባ ፍለጋ፦ ከሰው ወደ ዕቃው

በኢትዮጵያ ሌባን የመለየት ጥረት የቆየ ታሪክ አለው። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ የሚያውቀውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። ሌባሻይ በሚባለው ልማድ ደግሞ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ፣ ትምባሆም አጭሶ፣ በወገቡ በታሰረ ገመድ ተይዞ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ልማዱ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ውስጥ ቀርቷል።

በሌባሻይም በቤተ ሙከራም ጢስ አለ፤ ልዩነቱ ጢሱ የሚገባበት ቦታ ነው። በሌባሻይ ጢሱና መድኃኒቱ ወደ ልጁ ገብቶ ጣቱን በሰው ላይ እንዲቀስር ያደርገው ነበር፤ ተከሳሹም ራሱን የሚከላከልበት መንገድ አልነበረውም። በፎረንሲክ ምርመራ ግን የሚታጠነው ዕቃው ነው። የወጣው አሻራ ፎቶ ይነሳል፤ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ሊመረምረው፣ ጠበቃ ሊሞግትበት፣ ዳኛም ሊመዝነው ይችላል።

የ1987 ዓ.ም የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በማስረጃነት የሚቀርብበትን የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብቱን ያረጋግጣል። ከዚህ አንጻር ከዕቃ የሚገኝ ማስረጃ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጥፋተኛውን ለማጋለጥ ይረዳል፣ በጥርጣሬ ብቻ የተያዘውንም ነጻ ለማውጣት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ተን፦ አዮዲን

አሻራን በተን የማውጣት ታሪክ በአዮዲን ይጀምራል። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ መምህር ፖል ዣን ኩልዬ እ.ኤ.አ በ1863 የአዮዲን ተን በወረቀት ላይ ያረፈን ስውር የጣት አሻራ እንደሚያወጣ ገለጸ። ይህ የሆነው አሻራ በፖሊስ ሥራ ላይ በስፋት ከመዋሉ ከሠላሳ ዓመታት በላይ አስቀድሞ ነው።

አዮዲን ለደጋው ሕዝብ እንግዳ ስም አይደለም። በምግብ ውስጥ ሲጎድል እንቅርት ያስከትላል፤ የገበታ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የተደረገውም ለዚሁ ነው። ለምርመራ የሚያገለግለው ግን ጠጣርና ጥቁር ሐምራዊ የሆነው የአዮዲን ፍሬ ነው። ይህ ፍሬ ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ሐምራዊ ተን ይሆናል። የተጠረጠረው ወረቀት ተኑ ባለበት ዝግ ሳጥን ውስጥ ሲንጠለጠል አዮዲኑ ወደ ጣት ቅባቱ ይሳባል፤ አሻራውም ቢጫማ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል።

የአዮዲን ድካሙ አለመርጋቱ ነው። ወረቀቱ ከሳጥኑ ሲወጣ አዮዲኑ መልሶ መትነን ይጀምራል፤ ምልክቱም ብዙ ሳይቆይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ባለሙያው ወዲያውኑ ፎቶ ያነሳዋል፤ አለዚያም በሌላ ኬሚካል ያጸናዋል። ከጥንቶቹ የማጽኛ መንገዶች አንዱ ስታርች ነው። በደባርቅና በዳባት ደጋ የሚመረተው ድንች ተቆርጦ የአዮዲን ጠብታ ቢያርፍበት ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፤ ድንች በስታርች የተሞላ ነውና። የጨው አዮዲን መፈተሻ ጠብታም ጨውን የሚያሰማየው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሻራ ምርመራም ስታርቹ አዮዲኑን ይዞ ቡናማውን ምልክት ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል፤ ዕድሜውንም ያረዝመዋል።

አለመርጋቱ አንዳንድ ጊዜ ጥቅም ይሆናል። አዮዲን በወረቀት ላይ ብዙም ምልክት ሳይተው ስለሚጠፋ ከሌሎች ዘዴዎች አስቀድሞ ሊሞከር ይችላል። ይሁንና ብረትን ያዝጋል፣ ተኑም ለሳንባና ለዓይን ጎጂ ነው፤ ያረጀ አሻራም እንደ ትኩሱ አያወጣም።

በስህተት የተገኘው ተን፦ ሱፐር ግሉ

ዛሬ በዓለም የአሻራ ቤተ ሙከራዎች በስፋት የሚሠራበት የማጠን ዘዴ የተገኘው ከተራ ማጣበቂያ ነው። በጎንደር ከተማ የጫማ ጥገና የሚሠሩ ወጣቶች በትንሽ ቱቦ የሚይዙት ሱፐር ግሉ ሳያኖአክሪሌት ከሚባል ኬሚካል የተሠራ ነው። ኬሚካሉን እ.ኤ.አ በ1942 ለጦር መሣሪያ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይፈልጉ የነበሩ ተመራማሪዎች አገኙት፤ ያገኘው ሁሉ ላይ ስለሚጣበቅባቸው ግን ተዉት። ማጣበቂያ ሆኖ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ በ1958 ነው።

አሻራን እንደሚያወጣ የታወቀው በጃፓን ሳጋ ግዛት የፖሊስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ በ1977 ፉሴዎ ማትሱሙራ የተባለው መርማሪ ከአንድ የታክሲ ሾፌር ግድያ ጋር የተያያዘ ፀጉርን በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ በሱፐር ግሉ ሲያጣብቅ፣ መስታወቱን ይዞበት የነበረው የራሱ ጣት አሻራ ነጭ ሆኖ ሲወጣ አስተዋለ። ነገሩን ለአሻራ ባለሙያው ለማሳቶ ሶባ ነገረው፤ ሶባም ወደ ምርመራ ዘዴ አሳደገው። በጃፓን የነበሩ የአሜሪካ ጦር የወንጀል ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ዘዴውን ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ከዚያም በዓለም ተሰራጨ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሱፐር ግሉ ተን ጥቃቅን የሳያኖአክሪሌት ቅንጣቶችን ይይዛል። እነዚህ ቅንጣቶች እርጥበትና እንደ አሚኖ አሲድና ላክቲክ አሲድ ያሉ የላብ ቅሪቶች ባሉበት ሲያርፉ እርስ በርስ እየተቀጣጠሉ ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ሰንሰለቱም ነጭና ጠጣር ፕላስቲክ ይሆናል። ባዶው የዕቃው ገጽ ላይ ሰንሰለቱ በቶሎ አይጀምርም። ስለዚህ ነጩ ነገር የትልሙን መስመር ብቻ ተከትሎ ይገነባል። በእጅ ማሻሸት የሚጠፋው የላብ ምልክት ከዚህ በኋላ የጸና ቅርጽ ይኖረዋል።

በማጠኛው ሳጥን ውስጥ

ሥራው የሚጀምረው ከማጠን በፊት ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ዕቃውን በአግድም መብራት እያየ የሚታይ ምልክት ካለ መለኪያ አስቀምጦ ፎቶ ያነሳል። የዘረመል ናሙና የሚያስፈልግ ከሆነም ከየት እንደሚወሰድ አስቀድሞ ይወሰናል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ አንዱ ዘዴ የሌላውን መንገድ ሊዘጋ ይችላልና።

ከዚያ ዕቃው ተኑ በሁሉም ጎን እንዲደርሰው በሳጥኑ ውስጥ ይንጠለጠላል። በትንሽ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ ጥቂት የሱፐር ግሉ ጠብታ ይደረግና 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይሞቃል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው የአየር እርጥበትም ወደ 80 በመቶ ከፍ ይደረጋል። ባለሙያው አሻራ ሆን ተብሎ የታተመበት ቁራጭ በአጠገቡ ያስቀምጣል፤ በዚያ ቁራጭ ላይ ያለው ምልክት ጠርቶ ሲታይ ማጠኑ ይቆማል። ጊዜው ካለፈ ነጩ ነገር በትልሙ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላውና አሻራው ይበላሻል።

ነጭ አሻራ በነጭ ዕቃ ላይ ስለማይታይ በልዩ ብርሃን የሚያበራ ቀለም ይቀባል፤ ወይም የአሻራ ዱቄት ይነሰነስበታል። በመጨረሻም ምልክቱ ፎቶ ተነስቶ ወደ ማነጻጸር ሥራ ይሻገራል። በዚህ ደረጃ ባለሙያው መስመሮቹ የሚያልቁበትን፣ ለሁለት የሚከፈሉበትንና እርስ በርስ ያላቸውን አቀማመጥ ከተጠርጣሪው አሻራ ጋር ያስተያያል።

ይህን በቤት ውስጥ መሞከር አደገኛ ነው። የሱፐር ግሉ ተን ዓይንና ሳንባን ያቃጥላል፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ ደግሞ መርዛማ የሳያናይድ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ከዚህም በላይ ያለ ሙያ የታጠነ ዕቃ ላይ የነበረ ማስረጃ ዳግም አይገኝም።

የትኛው ዕቃ ለየትኛው ዘዴ?

ሁሉም ዕቃ አሻራን እኩል አይይዝም። ብርጭቆ፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ በር፣ የእጅ ባትሪና የሞባይል ቀፎ ላብን ወደ ውስጥ ስለማይመጡ አሻራው በገጻቸው ላይ ይቀራል። እነዚህ ለሱፐር ግሉ ተን ይመቻሉ።

ወረቀት፣ ካርቶንና ያልተቀባ እንጨት ግን ላቡን ይመጣሉ። ለእነዚህ አዮዲን ወይም ኒንሃይድሪን የተባለው ኬሚካል ይመረጣል። ኒንሃይድሪን በተን ሳይሆን በፈሳሽ መልክ የሚሠራበት ሲሆን ከአሚኖ አሲድ ጋር ተዋህዶ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል። አሚኖ አሲዱ ከወረቀቱ ጭረት ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ ከዓመታት በፊት የተነካ ወረቀት ላይ እንኳ አሻራ የወጣበት ጊዜ አለ።

በጭቃ የተመረገ ግድግዳ፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ የሻከረ የሞፈር እንጨት፣ ገመድና ጠፍር ግን ትልሙን በደንብ አይቀበሉም። በገጠር የወንጀል ሥፍራ መርማሪው ከብዙ ዕቃ መካከል ለስላሳውን ፈልጎ ለይቶ የሚያነሳው ስለዚህ ነው።

ቅርሶች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍትና የነሐስ መስቀሎች ያሉባቸው ናቸው። የሱፐር ግሉ ተን በዕቃው ላይ የሚቀር ፕላስቲክ ይተዋል፤ አዮዲንም ብረትን ያዝጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ተሰርቆ ሲገኝ ቅርሱን ከማጠን ይልቅ ዕቃው የተጠቀለለበትን ላስቲክ፣ የተሰበረውን የመስታወት ሳጥን ወይም የበሩን ቁልፍ መመርመር ይመረጣል።

የደጋው አየር በአሻራ ላይ

ስውር አሻራ ከአየሩ ጠባይ ጋር ይኖራል፤ ከአየሩ ጠባይ ጋርም ይጠፋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት በጎንደርና በደባርቅ አካባቢ ፀሐይና ነፋስ የላቡን ውኃ ቶሎ ያደርቁታል። የሱፐር ግሉ ሰንሰለት ለመጀመር እርጥበት ስለሚፈልግ ፀሐይ ላይ የዋለ ዕቃ ደካማ አሻራ ይሰጣል። የማጠኛው ሳጥን እርጥበት ከፍ የሚደረግበት አንዱ ምክንያት የደረቀውን ቅሪት መልሶ ለማርጠብ ነው።

በክረምት ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ከባድ ዝናብና የንጋት ጤዛ በውኃ የሚሟሙትን ጨውና አሚኖ አሲድ ያጥባሉ፤ ያን ጊዜ ሱፐር ግሉም ኒንሃይድሪንም ብዙ አይረዱም። ቅባቱ ግን በውኃ በቀላሉ አይሄድም። ስለዚህ የራሰ ዕቃ አሻራ የለውም ተብሎ መጣል የለበትም፤ ቅባትን የሚይዙ ሌሎች የምርመራ ፈሳሾች አሉ።

መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው። የኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ ምርመራ የሚያደርግበት ማዕከል በአዲስ አበባ ይገኛል፤ ከጎንደር እስከዚያ ያለው የመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከደባርቅ ለሚነሳ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። ያን ያህል መንገድ የሚጓዝ ዕቃ በካርቶን ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ከተፋተገ አሻራው በመንገድ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ዕቃው በሳጥኑ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ታስሮ መሄድ ይኖርበታል።

አሻራ የማይናገረው ነገር

አሻራ ማን እንደነካ ይናገራል፤ መቼና ለምን እንደነካ ግን አይናገርም። አንድ አሻራ ከስንት ቀን በፊት እንዳረፈ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አልተቻለም። ይህ በተለይ ጎረቤት ከጎረቤት ጀሪካን፣ አካፋና መጥረቢያ ተዋውሶ በሚኖርበት ገጠር ትልቅ ትርጉም አለው። ማለዳ ውኃ ለመቅዳት የተዋሰውን ጀሪካን የመለሰ ጎረቤት አሻራው በዚያ ላይ ቢገኝ አያስደንቅም፤ በዚያ ብቻ ሌባ ሊባልም አይገባም። መርማሪዎች የቤተሰቡንና በተለምዶ የሚገቡ የሚወጡ ሰዎችን አሻራ አስቀድመው የሚወስዱት እነርሱን ከጥርጣሬ ለማውጣት ነው። አሻራ ስጥ የተባለ የቤት ባለቤት ተጠርጣሪ ሆኗል ማለት አይደለም።

የአሻራ አለመገኘትም ንጽሕናን ብቻውን አያረጋግጥም። ጓንት ያደረገ፣ እጁ የደረቀ ወይም በሥራ ብዛት የጣቱ ትልም የተፋቀ ሰው ጥርት ያለ ምልክት ላይተው ይችላል። በእርሻ፣ በድንጋይ ጠረባና በጭቃ ሥራ የኖረ እጅ መስመሩ እየተበላ እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ማነጻጸሩም የሰው ሥራ በመሆኑ ስህተት ይደርስበታል። እ.ኤ.አ በ2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ የቦምብ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ፈንጂ ማቀጣጠያ ከነበረበት የፕላስቲክ ከረጢት ላይ አሻራ ወጣ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ባለሙያዎች አሻራው የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው አሉ፤ ሰውየውም ለሁለት ሳምንታት ያህል ታሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ደረሰበት። ቢሮው ይቅርታ ጠየቀ፤ የአሜሪካ መንግሥትም 2 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለ። ማጠኑ በትክክል ቢሠራም የሚያነበው ዓይን ሊሳሳት እንደሚችል ይህ ጉዳይ አሳይቷል። በዚህም ምክንያት የአንዱን ባለሙያ ውጤት ሌላው ራሱን ችሎ እንዲመረምረው ማድረግ ተገቢ አሠራር ነው።

በውል ላይ የሚያርፈው አውራ ጣት

አርሶ አደሩ አሻራን ይበልጥ የሚያውቀው በመሬት ኪራይ፣ በብድርና በሽያጭ ውል ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ማየት የተሳነው ወይም መጻፍ የማይችል ሰው በውል ላይ ያሳረፈው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት በሥራቸው ላይ ሳሉ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ሕጉ ይህን ያለው ያላነበበውን እንዳይፈርም ለመጠበቅ ነው።

በቀለም የታተመው አውራ ጣት የሚታይ አሻራ ነው። ወረቀቱን የያዙት ሰዎች ጣቶች ደግሞ ስውር አሻራ ይተዉበታል። ውሉ ተጭበርብሯል የሚል ክርክር ሲነሳ ወረቀቱን ማን እንደያዘው ከዚያ ሊታወቅ ይችላል። ስለዚህ ክርክር የሚያስነሳ ውል በብዙ እጅ መዘዋወር፣ በላስቲክ መለበድ ወይም መታጠፍ የለበትም። በፖስታ ተደርጎ ለሚመለከተው አካል መቅረብ አለበት።

የከተማ ነዋሪው ደግሞ አሻራን የሚያውቀው ከወንጀል ነጻ የምስክር ወረቀት ሲያወጣና ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሲመዘገብ ነው። በምዝገባው የአሥሩ ጣቶች አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል። የአንዱ ጣት ትልም ቢደበዝዝ ሌሎቹ ማንነቱን ለመለየት ይረዳሉ። በምዝገባ ወቅት የሚሰጥ አሻራ ሙሉና ጥርት ያለ ሲሆን፣ ከወንጀል ሥፍራ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ የተቆረጠና የተደበላለቀ ነው። የማነጻጸሩ ሥራ የሚከብደው በዚህ ነው።

ወንጀል ሲፈጸም ነዋሪው ምን ያድርግ?

ቤት ተሰብሮ፣ ሱቅ ተዘርፎ ወይም ሰው ተጎድቶ ሲገኝ ቀዳሚው ነገር የሰው ሕይወት ነው። የተጎዳን ሰው ለመርዳት ማንኛውንም ዕቃ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ የተንቀሳቀሰው ምን እንደነበርና የት እንደነበር ግን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከዚያ ቀጥሎ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይጠቅማሉ።

- ሥፍራውን ከልሎ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ሰውም ከብትም እንዳይገባ ማድረግ። አንድ የታመነ ሰው በበሩ ላይ ቢቆም ይበቃል።
- የተሰበረ ቁልፍ፣ መስታወት፣ ጠርሙስ፣ ባትሪ፣ ሞባይልና ላስቲክ አለመንካት። በጨርቅ ይዞ ማንሳትም አሻራውን ይጠርገዋል።
- ዝናብ ከመጣና ዕቃው ደጅ ከሆነ ገጹን ሳይነኩ በገበቴ ወይም በካርቶን መክደን። ክዳኑ ከዕቃው ጋር መነካካት የለበትም።
- ዕቃውን ማንሳት የግድ ከሆነ ሰው በተለምዶ በማይጨብጠው ጠርዝ ይዞ ማንሳት፤ ጠርሙስ ከሆነ ከአፉና ከቂጡ ዳር በሁለት ጣት መያዝ።
- እርጥብ ዕቃን በታሰረ ላስቲክ ውስጥ አለማስቀመጥ፤ ውስጡ ያልበውና አሻራውን ያበላሻል። ካርቶን ወይም የወረቀት ከረጢት ይሻላል።
- ዕቃውን ፖሊስ ከመድረሱ በፊት የነካ ሰው ካለ ሳይደብቅ መናገር። በቅንነት የነካ ሰው ራሱን ካስታወቀ አሻራው በሐሰት ጥርጣሬ ላይ አይጥለውም።
- ቤቱን ከመጥረግ፣ የፈሰሰውን ከማጽዳትና የተበተነውን ከመሰብሰብ ምርመራው እስኪያልቅ መታቀብ።

እነዚህ ጥንቃቄዎች ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቁም። ለቤተ ሙከራው ግን ከውድ ማሽን በላይ ይጠቅሙታል፤ የማጠኛው ሳጥን የሚያወጣው በዕቃው ላይ የቀረውን ብቻ ነውና። ያልቀረውን አይፈጥርም፣ የተጠረገውን አይመልስም።

እሪታ ሰምቶ መድረስ የደጋው ሰው ነባር ባህል ነው፤ ሊቀርም አይገባም። በዚህ ባህል ላይ አንድ ነገር ቢጨመር፣ ይኸውም የደረሰው ሰው እጁን ሰብስቦ በሩን ቢጠብቅ፣ በላብ የተጻፈው ምስክርነት ሳይደመሰስ ከባለሙያው ፊት ይደርሳል። የተዘረፈው ሰው ንብረቱን የማግኘት፣ ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረውም ስሙን የማጥራት ዕድሉ ያኔ ይሰፋል።